ትንሽ ነገር ናት ግን ሁሌ ታናድደኛለች፦ የምግብ ስም፣ የቃል አጠቃቀም፣ ምናምን

ማሂ_ካዛንቺስ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰው ሁሉ። ዛሬ ረቡዕ አይደል፣ ፆም ነው፣ ከሥራ ልጆች ጋር ለምሳ አንድ አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት ገባን (ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው)። ሜኑውን ስገልጠው ከላይ «የፆም ክትፎ» ይላል፣ ዝቅ ሲል «የፆም ጥብስ»፣ ዝቅ ሲል «የፆም በርገር»፣ መጨረሻ ላይ «የፆም ማኪያቶ»። አስተናጋጁን ጠራሁትና ክትፎው ከምንድነው የሚሠራው አልኩት። «ክትፎ ነው፣ ግን የፆም» አለኝ። እሺ ከምን? «ኖርማሉን ነው ስፔሻሉን?» አለኝ። ልዩነታቸውስ ስለው «ስፔሻሉ አቮካዶ አለው» አለ፣ ከምን እንደሚሠራ ግን አሁንም አልነገረኝም፣ ሌላ ጠረጴዛ ጠሩት ሄደ።

መጣ። ቀይ ሥር ነው። ደቆ ተከትፎ፣ ዘይትና ሚጥሚጣ ገብቶበት፣ ኮረሪማው ሸተት ሸተት እያለ፣ ከጎኑ ከአኩሪ አተር የተሠራ ነጭ ነገር አለ እሱ ደግሞ «የፆም አይብ» ነው ተባልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ ጣፈጠኝ፣ ትሪው ላይ ምንም አልተውኩም። እኔን የሚያበግነኝ ምግቡ ሳይሆን ስሙ ነው። «ቀይ ሥር በሚጥሚጣ» ቢባል ምን ይጎድልበታል? ስም ከሥጋ ካልተዋሰ ሰው ፊት መቅረብ የማይችል ይመስል! እናቴ ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ሽሮ፣ ምስር፣ አተር ክክ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ስልጆ፣ አዚፋ እያፈራረቀች ነው ያሳደገችን፣ ሁሉም የራሱ ስም አለው፣ አንዱም «የፆም ምንትስ» ተብሎ አያውቅም።

በቃ ይሄን ተናግሬ ቀለለኝ። እናንተስ? ምግብም ይሁን ቃል፣ ትንሽ የምትመስል ግን በሰማችኋት ቁጥር ቆዳችሁ ውስጥ የምትገባ ነገር ጻፉ። ፖለቲካ የለም፣ ስድብ የለም።

ወልቂጤ_ነኝ

ማሂ ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ ግን ክትፎ ላይ አልስማማም ይቅርታ። ክትፎ የሥጋ ስም አይደለም፣ የእጅ ሥራው ስም ነው። ከተፈ፣ መክተፊያ፣ ክትፎ። እኛ ቤት ጎመን ክትፎ አለ፣ ጎመኑ ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ ከዛ ደቆ ይከተፍና ቅቤና ሚጥሚጣ ይገባበታል፣ ከቆጮ ጋር ይበላል፣ ማንም ደግሞ «ሥጋው የታለ» ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ያንቺ ቀይ ሥር በቢላ ከተከተፈ ስሙ ይገባዋል ባይ ነኝ።

የኔ ንዴት ሌላ ነው። ሥጋውን ማሽን ውስጥ ከትተው ፈጭተው «ክትፎ» ብለው የሚያቀርቡት። እሱ የተፈጨ ሥጋ ነው፣ ስሙም የተፈጨ ሥጋ ነው!! አክስቴ ለመስቀል ስትከትፍ ብታያት፣ ሥጋውን ጣውላው ላይ ዘርግታ መጀመሪያ በቢላዋ ጫፍ ትቧጥጠዋለች፣ ጅማቱ ወደ አንድ በኩል ይቀራል፣ ቀዩ ወደ ሌላ፣ ጅማቷን በጣቷ መዝዛ ትጥላለች ከዛ ነው ክተፋው የሚጀመረው፣ ቢላው ጣውላው ላይ ሲያርፍ ድምፁ እስከ ግቢው በር ይሰማል። ልጅ ሆነን ከዛ ድምፅ ጋር ነው መስከረም 17 የሚመጣው። ማሽን ጅማቱንም ሥጋውንም አንድ ላይ ያላቁጠዋል፣ አፍ ውስጥ እንደ ማስቲካ ይጎተታል። እና በኔ ሂሳብ በእጅ የተከተፈው ቀይ ሥር ክትፎ ነው፣ በማሽን የተፈጨው የበሬ ሥጋ ክትፎ አይደለም። ጨረስኩ።

ማሂ_ካዛንቺስ

ወይኔ ወልቂጤ አሸነፍከኝ፣ ወይም አሸነፍሽኝ። እንደዛ አስቤው አላውቅም ነበር። በዚህ ሂሳብ ጥብስም ነፃ ወጣ ማለት ነው፣ ጠበሰ ካሉ ድንችም ይጠበሳል። «የፆም አይብ»ን ግን አልለቅም፣ አይብ ከወተት ነው የሚወጣው አበቃ። ስፔሻልንም አልለቅም። ስፔሻል ፉል፣ ስፔሻል ሽሮ፣ ስፔሻል ሻይ። ሁሉም ስፔሻል ከሆነ ስፔሻል የቱ ነው?

አቤል_ሲያትል

ስፔሻል ላይ ካንቺ ጋር ነኝ።

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው እና ሁሌ ጠዋት የማየው አለ። ካፌ ሜኑ ላይ «ቻይ ቲ» ይላል። ቻይ እኮ ሻይ ነው፣ ቲም ሻይ ነው፣ «ሻይ ሻይ ስጪኝ» ብዬ ነው የማዝዘው ማለት ነው? ሂንዲውም አማርኛውም ዓረብኛውም አንድ ቃል ነው፣ እኛ ሻይ ቅመም እንለዋለን ቀረፋውንና ቅርንፉዱን፣ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ ምግብ ቤት ደግሞ ስገባ «እንጀራ ብሬድ»። አበሻው ራሱ ነው እንደዛ የሚጽፈው፣ ፈረንጅ እንዲገባው ነው ይላሉ፣ ግን ፈረንጁ አንዴ እንጀራ ብሎ ከለመደ እስከ ዘላለም እንጀራ ነው የሚለው፣ ፒዛን ማንም «ፒዛ ዳቦ» አላለውም።

ዙዙ_ዱባይ

አቤል የሚገርምህ እኔም ጋ አለ፣ የምሠራበት ቤት መዳሟ እንጀራን «ኩብዝ ሀበሺ» ነው የምትለው። ኩብዝ ዳቦ ማለት ነው። መጀመሪያ ዝም አልኩ፣ በኋላ ግን ዳቦ አይደለም እንጀራ ነው፣ ዳቦ ሌላ አለን፣ ድፎ አለን ብዬ አስረዳኋት። ሳይገባት ሲቀር ላሑሕን አነሳሁላት፣ የየመኖቹ ያ ዓይናማ ቂጣ፣ አይተሽዋል አይደል እሱን ኩብዝ ትይዋለሽ? ላሑሕ ነው የምትይው አይደል? አልኳት። አሰበች አሰበችና «እንጀራ» አለች። ጀ ላይ ትንሽ ትቸገራለች ግን ካሁን በኋላ ኩብዝ የለም። በጣም ነው ደስ ያለኝ ያን ቀን ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

መምህር_ዘደብረብርሃን

ሰላም ልጆች። እኔ 26 ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ የኔ አንዲት ቃል ናት። «ድህረ ገጽ»። ባንክ ላይ አየዋለሁ፣ መሥሪያ ቤት በር ላይ አየዋለሁ፣ ዜና ላይ እሰማዋለሁ። ድኅረ ማለት በኋላ ማለት ነው። ድኅረ ምረቃ፣ ከምረቃ በኋላ። ድኅረ ጦርነት፣ ከጦርነት በኋላ። ታዲያ ድኅረ ገጽ ከገጹ በኋላ ነው? ትክክለኛው ድረ ገጽ ነው፣ ከድር የመጣ፣ የሸረሪት ድር፣ የሸማኔ ድርና ማግ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን እንጂ ድህር ቢያብር የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቃሉ ውብ ነው፣ እንግሊዝኛውም «ዌብ» ያለው ድር ማለቱ ነው፣ እኛም በራሳችን ቃል በትክክል መልሰነው ነበር፣ አንዲት «ህ» ገብታ አበላሸችው።

ሁለተኛ ጨምሩልኝ ካላችሁ፦ መምህራኖች፣ ሕፃናቶች፣ ቃላቶች፣ መጻሕፍቶች። መምህራን ብሎ አንዴ በግዕዝ በዝቷል፣ ኖች ለምን አስፈለገ? ወይ መምህራን በሉ ወይ መምህሮች በሉ፣ ሁለቱም ቤታችን ነው።

ናቲ_ቦሌ

መምህር አክብሮቴ ከፍ ያለ ነው፣ ድረ ገጹን ተቀብያለሁ እስከዛሬ በድህረ ነው ስጽፍ የኖርኩት ከዛሬ ጀምሮ አስተካክላለሁ። ቃላቶች ላይ ግን አንዴ ይስሙኝ። ሰው ቃል ሲዋስ ብዙ ቁጥሩን እንዳለ ይዞ ይመጣና በራሱ ቋንቋ ደግሞ ያበዛዋል፣ ይሄ በአማርኛ ብቻ አይደለም። «ቺፕስ» ራሱ ብዙ ነው እኛ ግን ሱቅ ሄደን «ሁለት ቺፕሶች ስጠኝ» እንላለን። መኮሮኒ በጣልያንኛ ብዙ ቁጥር ነው፣ ስፓጌቲም። ፓኒኒም ብዙ ነው፣ እኛ ግን አንድ ፓኒኒ ብለን አዘን ሁለተኛ ስናዝ ፓኒኒዎች ይሆናል። ካልሲም እንደዛው ከጣልያንኛው ብዙ ቁጥር ነው የመጣው፣ ካልሲዎቼ የት ናቸው ስል ማንም አርሞኝ አያውቅም። እንግዲህ የጣልያኑ ከተፈቀደ የግዕዙ ለምን ይከለከላል ነው ጥያቄዬ።

መምህር_ዘደብረብርሃን

ናቲ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ክፍል ውስጥ ብትሆን ኖሮ አጨብጭቤ ነበር የማስቀምጥህ። መልሴ ይሄ ነው፦ ጣልያንኛን አናውቀውም፣ መኮሮኒ ውስጥ ያለውን ብዛት ጆሯችን አይሰማውም። ግዕዝን ግን እንሰማዋለን፣ «መምህር» ስትል አንድ፣ «መምህራን» ስትል ብዙ መሆኑ ትምህርት ላልገባ ሰውም ይገባዋል። የሚሰማህን ነገር ደግመህ ስትናገረው ነው የሚከብደኝ። ቺፕሱን ግን እንደፈለግህ አድርገው።

ሶሊ_34

የኔ ንዴት «ማዘር» ናት። 34 ዓመቴ ነው፣ አትክልት ልገዛ ስወጣ «ማዘር ቲማቲም ልመዝን?» «ማዘር ቃሪያው ዛሬ የገባ ነው!» ታክሲ ውስጥ «ማዘር ጠጋ ጠጋ»። የሚለኝ ልጅ እኮ አንዳንዴ በዕድሜ እኩያዬ ነው። እህቴ በለኝ፣ እናት በለኝ፣ የኔ እህት በለኝ፣ እነዚህ ሁሉ እያሉ ለምን ማዘር? አማርኛ ሰው መጥሪያ አልቸገረውም። ወንዱንም «ፋዘር» ይሉታል። ጋሼ የሚል ቃል ምን ሆነ?

እማማ_ዘአራት_ኪሎ

ሶሊዬ ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው እና ማዘር ሲሉኝ እኔም አልወድም፣ እናት መሆኔን ጠልቼ ግን አይደለም። እማማ ስትይኝ ቁጭ ብዬ አጎርስሻለሁ። ማዘር ስትይኝ ቲማቲም ልትሸጭልኝ ነው። ልዩነቱ እሱ ነው።

ሶሊ_34

እማማ እንደርስዎ አድርጎ የነገረኝ የለም። እግዜር ይስጥልኝ።

ሳሚ_ጎንደር_መስመር

«ሃይላንድ» የሚያናድዳችሁ ሰዎች መኖራችሁን አውቃለሁ ምክንያቱም ባለፈው እዚሁ ስንጨቃጨቅ ነበር፣ ማንኛውንም የታሸገ ውሃ ሃይላንድ ማለት ስህተት ነው፣ የአንድ ውሃ ስም ነው ምናምን። አዎ የአንድ ውሃ ስም ነበር። ዱቄት ሳሙናም ሁሉ ኦሞ ነው፣ የጥርስ ሳሙናም ሁሉ ኮልጌት ነው፣ የልጅ ዳይፐርም ሁሉ ፓምፐርስ ነው። እኔ የሚያናድደኝ ግን ሃይላንድ የሚለው ሰው ሳይሆን የሚያርመው ሰው ነው።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር በአውቶቡስ ስንሄድ ከዓባይ በረሃ ወጥተን ጎጃም ስንገባ መኪናው አቀበቱ ላይ ፍጥነት ሲቀንስ ልጆች ከመንገድ ዳር ይሮጣሉ። «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። ውሃ አይደለም የሚፈልጉት፣ ባዶውን ፕላስቲክ ነው፣ ውሃ ይይዙበታል፣ ጠላ ይይዙበታል፣ ዘይት ይገዙበታል፣ ትምህርት ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። እኔ ሁሌ ለመንገድ ስወጣ ሁለት ሦስት ባዶ ሃይላንድ ከቤት ጨምሬ እይዛለሁ፣ በመስኮት እወረውርላቸዋለሁ፣ አንዱ ልጅ አየር ላይ ሲቀልባት ያደረገው ፈገግታ እስካሁን ፊቴ ላይ አለ። ለነዛ ልጆች ሃይላንድ ዕቃ ነው፣ እንደ ጣሳ፣ እንደ ኩባያ፣ እንደ ቅል። ቃሉ የድርጅቱ መሆኑ ቀርቷል፣ የነሱ ሆኗል። እነሱን «የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚባለው» ብሎ የሚያርም ሰው እስቲ ይምጣ።

ማሂ_ካዛንቺስ

ሳሚ እንባዬ መጣ ሌላ አልጽፍም።

ፌቨን_ኬክ

እኔ በጣም አጭር ነኝ፦ ሻወር «መውሰድ»። ሻወር ወስጄ፣ ፎቶ ወስጄ፣ ምሳ ወስጄ፣ ፈተና ወስጄ። የት ነው የሚወስዱት? ገላ ይታጠባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ምሳ ይበላል፣ ፈተና እንፈተናለን። መድኃኒት እንኳ ድሮ ይዋጥ ነበር አሁን ይወሰዳል። ቤቴ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አለች የእህቴ ልጅ፣ ባለፈው «አክስቴ እንቅልፍ ልውሰድ» አለችኝ። እንቅልፍ እኮ እሱ ነው ሰውን የሚወስደው! እንቅልፍ ወሰደኝ ነው የሚባለው! ቁጭ አድርጌ አስተማርኳት፣ አሁን ትክክል ትላለች።

ተማም_ደሴ

ፌቨን «ቡና ልውሰድ»ንስ ለምን ረሳሽው? እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በተለይ በወረቀት ኩባያ ተይዞ እየተሄደ የሚጠጣው። ወሎ ቡና አይወሰድም፣ ቡና ይጠጣል፣ ሲጠጣም ተቁጭ ብሎ ነው፣ አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። በረካ በረከት ማለት ነው እኮ፣ ሦስተኛው ላይ ነው በረከቱ ያለው፣ ሰው ግን አቦሏን ፉት ብሎ «ቸኩያለሁ» ብሎ ይነሳል። እናቴ ከሰሉ ላይ ጀበናውን መልሳ ጥዳ፣ እጣኑን ጨምራ፣ ፈንዲሻውን አቅርባ ሰው ተነስቶ ሲሄድባት ፊቷ ላይ የማየውን ነገር ልነግራችሁ አልችልም። ምንም አትልም። ሲኒውን ብቻ ትደፋዋለች ረከቦቱ ላይ። አቦል የሚጠጣ ሰው ምርቃቱን አይሰማም፣ ምርቃቱ መጨረሻ ላይ ነው። ካልቻልክ ከመጀመሪያውም አትቀመጥ ወይም ከመቀመጥህ በፊት ንገራት፣ እሷ ራሷ ቀጠን አድርጋ ቶሎ ታደርስልሃለች።

ሌላ ደሞ ቡና በጨው ሲጠጣ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አሉ። በገጠሩ ስኳር ሳይገባ በፊት በጨው ነው የተጠጣው አሁንም ይጠጣል፣ ቅመሱና ከዛ ተናገሩ።

ዙዙ_ዱባይ

ተማም ጨው ላይ ከጎንህ ነኝ አያቴ በጨው ነበር የምትጠጣው።

ናቲ_ቦሌ

እኔ የራሴን አልጻፍኩም ለካ። ፓስታ በእንጀራ የሚበላ ሰው ላይ የሚስቁ ሰዎች። ፓስታው በስጎ ከሆነ፣ ስጎው ደግሞ በበርበሬ ደህና ተደርጎ ከተሠራ፣ እንጀራ ምን አደረገ? ጣልያን ራሱ ሳህኑ ላይ የቀረችውን ስጎ በዳቦ ጠርጎ ነው የሚበላው። እኛ ማኪያቶውን ተቀብለን የራሳችን አድርገነዋል፣ በጣልያንኛ ማኪያቶ ማለት ጠብ ያለበት፣ ትንሽ ወተት የነካው ቡና ማለት ነው፣ የኛው ግን ወተቱ ይበዛል፣ ጠቆር ያለ ነጣ ያለ ተብሎ ይታዘዛል፣ ማንም አልሳቀብንም። ፓስታውም እንጀራ ላይ ይቀመጥ። የማልቀበለው አንድ ነገር ፓስታን በእንጀራ እየጠቀለሉ በርበሬ ሳይኖረው ነጩን መብላት ነው፣ እሱ ሁለት ዱቄት ነው።

ሀና_ደብረማርቆስ

ሁላችሁንም አንብቤ ስጨርስ የኔን ማንም አላነሳውም! ፍርፍርና ፍትፍት አንድ ናቸው የሚሉ ሰዎች። አንድ አይደሉም!! ሜኑ ላይ ፍርፍር ብለው ፍትፍት ያመጣሉ፣ ፍትፍት ብለው ፍርፍር ያመጣሉ፣ አስተናጋጁን ስጠይቀው «ያው ነው» ይለኛል።

ፍርፍር እሳት ላይ ነው የሚሠራው። ቁሌቱ ይቁላላል፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ዘይቱ ወይ ቅቤው፣ ውሃ ጠብ ይልበታል፣ ሲፈላ እንጀራው ተቆራርሶ ይገባል፣ ወይ ድርቆሹ ይገባል፣ ቋንጣ ካለ ቋንጣው ቀድሞ ይገባል፣ ክዳን ይደረግና ትንሽ ይታመቃል። ፍትፍት ግን እሳት አያውቅም። እንጀራውን በእጅሽ ቆራርሰሽ የሞቀውን ወጥ ታፈሺበታለሽ፣ ወይም የሱፉን ውሃ፣ ወይም ተልባውን፣ ወይም ቲማቲሙን። የሱፍ ፍትፍት እንላለን፣ የሱፍ ፍርፍር ያለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ሰው አንድን ነገር ሳይለፋ ተዘጋጅቶ ሲሰጠው «ፈትፍቶ አጎረሰው» ነው የሚባለው፣ «ፈርፍሮ አጎረሰው» ተብሎ አያውቅም። ምክንያቱም መፈትፈት በእጅ ነው፣ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ሰው ጉዳይ ውስጥ እጁን የሚያስገባውንም «አትፈትፍት» ነው የምንለው።

ወልቂጤ_ነኝ

ሀና ግሩም ብለሻል ግን ቂጣ ፍርፍርስ? ጨጨብሳ። እሱ ቂጣው ከምጣድ ከወረደ በኋላ በእጅ ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ነው የሚታሸው፣ ድስት ውስጥ አይገባም። በእጅ ነው፣ ስሙ ግን ፍርፍር ነው።

ሀና_ደብረማርቆስ

እንዴ። ቆይ።

ሀና_ደብረማርቆስ

እሺ አሰብኩ፣ ቂጣው ደረቅ ስለሆነ ይሆናል። ደረቅ ነገር ይፈረፈራል፣ እርጥብ ነገር ይፈተፈታል። ግን እንደዛ ከሆነ እሳቱ የሚለው ነገሬ ተበላሸ፣ ምክንያቱም እርጥብ እንጀራ እሳት ላይ ስናስገባውም ፍርፍር ነው የምንለው። አላውቅም በቃ ለእናቴ እደውላለሁ፣ ደብረ ማርቆስ ናት፣ የሷን እንሰማለን።

ተማም_ደሴ

እኛ ጋ የማታ ወጥ ጠዋት በእንጀራ ሲሞቅ ፍርፍርም ፍትፍትም ይሉታል እንደ ቤቱ ነው። የእናትሽን ፍርድ ግን እቀበላለሁ።

አቤል_ሲያትል

እኔም ገብቻለሁ እዚህ። እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር (ፌቨን ሰማሽ?) ግን ውጤቱን ሳልሰማ አልተኛም፣ እዚህ ሌሊት ነው።

መምህር_ዘደብረብርሃን

ሀና፣ እናትሽን ስትጠይቂ እንዲህ ብለሽ ጠይቂልኝ፦ ሁለቱን ቃል ሳትነግሪያቸው «ትናንት ማታ የተረፈውን ወጥ ጠዋት ምን ታደርጊዋለሽ?» በያቸው። ቃሉን አንቺ ካቀበልሻቸው መልሱ ያንቺ ይሆናል። ሰው በራሱ አፍ የሚለውን ነው መስማት ያለብን።

ሀና_ደብረማርቆስ

ደወልኩ። እንደ መምህር አድርጌ ነው የጠየቅኳት። እንዲህ አለች፦ «የተረፈውን ወጥ አሙቄ እንጀራውን እፈተፍትበታለሁ።» እሺ ድርቆሹንስ እማ? «ድርቆሹማ ይፈረፈራል እንጂ።» ትኩሱን እንጀራ ቁሌት ውስጥ ስታስገቢውስ? ዝም አለች። ከዛ «እሱን የከተማ ሰው ነው ፍርፍር የሚለው፣ እኔ እንጀራ በቁሌት ነው የምለው» አለች። ቂጣውን ልጠይቃት ስል ሽሮ ጥጃለሁ ሊያርብኝ ነው ብላ ዘጋችብኝ።

ማሂ_ካዛንቺስ

እንጀራ በቁሌት! እንዲህ ነው ስም ማለት፣ ቀይ ሥር በሚጥሚጣ ስል የነበረው እሱን ነበር!

ሽሮውስ አረረ?

ሀና_ደብረማርቆስ

መልሳ ደወለች። አላረረም። ቂጣውም ፍርፍር ነው ብላለች።